ቢጫው ክፍልና የልጆቻችን ትምህርት
ብርሃን የሚቀርጸው ልባስ ምንድን ነው? ለእኛስ ምን ይነግረናል?



ከጥቂት ጊዜ በፊት በሰፈራችን ማትናስ ለወላጆች በተደረገ የማታ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ተነሥተው ሁለት ነገር ጠየቁ። እኒህ እናት ወደ ሀገር ከገቡ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው። ቀን ቀን በደቡብ ከሚገኙት የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች በአንዱ በጽዳት ይሠራሉ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ በምሠራበት ፋብሪካ በመስታወት የሚታይ አንድ ክፍል አለ። መብራቱ ሁሉ ቢጫ ነው። ሰዎቹ ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው በነጭ ተሸፍነው ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ቢጫ መብራት ለምን አስፈለገ ብዬ ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሁለተኛው የልጄ ጉዳይ ነው። ዘጠነኛ ክፍልን ሊጨርስ ነው። ከቤት ሰፈር ‹መጋማ ምረጥ› ተብሎ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ‹ኪሚያ› የሚለው ላይ ምልክት አድርጎበታል። እንድፈርምለት ይለምነኛል። ኪሚያ ተምሮ ምን ይሆናል? ሐኪም ይሆናል ወይስ መድኃኒት ቤት ይሠራል? ሳላውቀው እንዴት ልፈርም?»

በዚያች ማታ በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ጥያቄ ሆነው አገኘኋቸው። እኒያ እናት በየቀኑ በመስታወት የሚያዩት ቢጫ ክፍል፣ ልጃቸው ሊማረው የሚፈልገው ነገር የሚሠራበት ክፍል ነው። ስለዚህ ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ለሚጠይቁ ወላጆች ሁሉ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ብርሃን ሥራ ይሠራል

ብዙዎቻችን ብርሃን ለማየት ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለናል። ነገር ግን ብርሃን ራሱ ሥራ የሚሠራ ኃይል ነው። ባለቀለም ልብስ አጥር ላይ ተሰጥቶ ለብዙ ቀን ቢረሳ፣ ፀሐይ የመታው ወገን ይነጣል፤ የታጠፈው ወገን እንደ ነበረ ይቆያል። ለዓመታት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ሲወርድ፣ በስተኋላው ያለው የግድግዳ ቀለም የፎቶግራፉን ቅርጽ ይዞ ከዙሪያው ደምቆ ይታያል። ድንጋይ የተጫነው ሣር ይገረጣል፤ ከጎኑ ያለው ለምልሞ ይገኛል። በእነዚህ ሁሉ ብርሃን የነካውና ያልነካው ተለያይቷል፤ በመካከላቸውም ወሰን ተሠርቷል።

እንግዲህ ሰው ይህን ወሰን በፈለገው ቅርጽ ማድረግ ከቻለ፣ ብርሃንን እንደ ብዕር ወይም እንደ መሮ ሊይዘው ይችላል ማለት ነው። በስልካችን፣ በኮምፒውተር፣ በመኪናና በሆስፒታል መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ቺፕ የሚሠራበት ጥበብ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የይሁዳ ዝፍት

ይህን ቀድመው ሠርተው ካሳዩት አንዱ ኒሴፎር ኒዬፕስ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1826 ወይም 1827 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ኒዬፕስ የተጠቀመበት ነገር ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «የይሁዳ ዝፍት» ይባላል። ይህ ስም የወጣለት ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥቁር ዝፍት ከሙት ባሕር ይገኝ ስለ ነበር ነው። አንዳንድ ጊዜም በውኃው ላይ ተንሳፎ ይታይ ነበር። ኦሪት የሚያነሣቸው የሲዲም ሸለቆ የዝፍት ጉድጓዶችም ለአንባቢዎቻችን የታወቁ ናቸው።

ኒዬፕስ ዝፍቱን ላቬንደር ከተባለ መዓዛማ ተክል በሚወጣ ዘይት አሟሟው። በማዕድን ሰሌዳ ላይም ስስ አድርጎ ቀባው። ሰሌዳውን በጨለማ ሣጥን ውስጥ አድርጎ በመስኮት ወደ ውጭ አዙሮ ለብዙ ሰዓታት ተወው። ብርሃን በርትቶ የመታው ዝፍት ደነደነ፤ ጥላ ያረፈበት ሳይደነድን ቀረ። ከዚያ ሰሌዳውን ሲያጥበው ያልደነደነው ተጠርጎ ሄደ፤ የደነደነው ግን በቦታው ቆየ። በመስኮቱ የሚታዩት ጣሪያዎችና ግድግዳዎች በሰሌዳው ላይ ታተሙ። በካሜራ ተነሥተው እስከ ዛሬ ከቆዩት ፎቶግራፎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው፤ አሁን በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል።

መቀባት፣ ብርሃን ማሳየት፣ ማጠብ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያዙልኝ። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ዛሬም በፋብሪካው ቢጫ ክፍል የሚሠራው ይኸው ነው።

ድር ሲያብር

ዛሬ በዝፍቱ ፋንታ የሚቀባው ልባስ በሰው ጥበብ የተዘጋጀ ነው፤ በሥራው ቋንቋ «ፎቶሬዚስት» ይባላል። የሚሠራውም ከፖሊመር ነው። ፖሊመር ማለት ጥቃቅን ክፍሎች እንደ ዶቃ ተሰካክተው እጅግ ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ነው። ፕላስቲክ ፖሊመር ነው፤ ጎማ ፖሊመር ነው፤ እናቶቻችን ሲፈትሉት፣ አባቶቻችን ሲሸምኑት የኖሩት ጥጥም ፖሊመር ነው።

ለብርሃን መልስ የሚሰጡት ፖሊመሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት ብርሃን ሲነካው ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ለየብቻቸው በቀላሉ ይሟሙ የነበሩት ክሮች ከተሳሰሩ በኋላ ማጠቢያው አይበግራቸውም። በኮዳክ ኩባንያ ሉዊስ ሚንስክ የተባለ ኬሚስት የሠራው ልባስ እንዲህ ያለ ነበር፤ በ1950ዎቹም ገበያ ላይ ውሏል። ሁለተኛው ዓይነት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብርሃን የነካው ክፍል በማጠቢያው ይሟሟል፤ ያልነካው ይቀራል።

ይህን ነገር ከሩቅ አትፈልጉት። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ነጭ ሙሌት ተደርጎላችሁ ከሆነ፣ ሐኪሙ ለስላሳውን ሙሌት ጥርሱ ላይ ካደረገ በኋላ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ትንሽ መሣሪያ ወደ አፋችሁ አስገብቶ ነበር። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሙሌቱ ይደነድናል። ይህም ለብርሃን መልስ የሚሰጥ ፖሊመር ነው።

በ1957 በአሜሪካ ጦር ምርምር ቤት ይሠሩ የነበሩ ጄይ ላትሮፕና ጄምስ ናል የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አሰቡ። ማይክሮስኮፕ ትንሹን ነገር አተልቆ ያሳያል፤ ቢገለበጥስ? ትልቁን ሥዕል አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ አድርገው ሥዕሉን በፎቶሬዚስት ላይ አሳንሰው ጣሉት፤ እጅግ ትንንሽ ትራንዚስተሮችንም ሠሩ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተ።

እንደሚዞር ምጣድ

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ። ቺፕ የሚሠራበት መደብ «ዌፈር» የሚባል ክብ የሲሊከን ሰሌዳ ነው። በብዙዎቹ ዘመናዊ ፋብሪካዎች የዌፈሩ ስፋት 300 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትንሽ ምጣድ ያህላል። ውፍረቱ ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

መጀመሪያ መቀባት ነው። እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ ቆሞ እጅ እየዞረ ሊጡን ያፈሳል። በፋብሪካው ግን የሚዞረው ምጣዱ ነው። በዌፈሩ መካከል ጥቂት ፎቶሬዚስት ይፈስሳል፤ ዌፈሩ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይሽከረከራል፤ ፈሳሹም ወደ ዳር ይሸሻል፤ ትርፉ ይረጫል። የሚቀረው ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ የማይበልጥ ስስ ልባስ ነው። ከዚያም እንዲደርቅ ወደ 100 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጋገራል።

ሁለተኛው ብርሃን ማሳየት ነው። የሚፈለገው ሥዕል «ማስክ» በሚባል ሰሌዳ ላይ አስቀድሞ ተሠርቷል። ብርሃኑ በማስኩ ያልፋል፤ በሌንስ ተሰብስቦና አንሶ በልባሱ ላይ ያርፋል። ከዚያም ብዙ ጊዜ ዌፈሩ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጋገራል።

ሦስተኛው ማጠብ ነው። ማጠቢያው በውኃ የተበጠበጠ መድኃኒት ነው። መወገድ ያለበትን ልባስ አሟሙቶ ይወስደዋል። አሁን ዌፈሩ በአንዳንድ ቦታ ተሸፍኖ፣ በአንዳንድ ቦታ ራቁቱን ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ በጋዝ ወይም በፈሳሽ ሲበላ፣ ራቁቱን ያለው ብቻ ይቦረቦራል፤ የተሸፈነው ይድናል። «ሬዚስት» የሚለው ስም የወጣለትም ስለዚህ ነው፤ ትርጉሙ «የሚቋቋም» ማለት ነው። በመጨረሻ ልባሱ ራሱ ይወገዳል። በተሠራው እቃ ውስጥ የለም፤ ቅርጹን አስተላልፎ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ቺፕ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚደረገው። ፎቅ በፎቅ ላይ እንደሚሠራ ቤት በአሥር የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። እያንዳንዱም ፎቅ በበታቹ ባለው ላይ በትክክል መግጠም አለበት።

ታዲያ ለምን ቢጫ?

የነጭ መብራት ብርሃን ብዙ ቀለሞች የተደባለቁበት ነው። ከእነዚህ መካከል ሰማያዊና ሐምራዊ፣ በተለይም ዓይናችን የማያየው አልትራ ቫዮሌት የተባለው ብርሃን ኃይላቸው የበረታ ነው። ፎቶሬዚስት የሚሰማው እነዚህን ነው። ቢጫ ብርሃን ግን ደካማ ስለሆነ ልባሱን አይቀሰቅሰውም። ክፍሉ ነጭ መብራት ቢኖረው ልባሱ ገና ሥዕሉን ሳይቀበል ሁሉም ቦታ ብርሃን ያገኝና ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ ሠራተኛው የሚያይበት፣ ልባሱ ግን የማይሰማው መብራት ተመረጠ፤ እርሱም ቢጫው ነው። የጥርስ ሐኪሙ መሣሪያ ላይ ያለው ብርቱካናማ መከለያም ተመሳሳይ ሥራ አለው፤ ብርቱውን ሰማያዊ ብርሃን ከሐኪሙ ዓይን ይከልላል።

ነጩ ልብስስ? በዕብራይስጥ ክፍሉ «ሔደር ናኪ» ይባላል፤ ንጹሕ ክፍል ማለት ነው። ልብሱ የሚለበሰው በመጀመሪያ ሥራውን ከሰው ለመጠበቅ ነው። ከቆዳችንና ከጠጉራችን ሁልጊዜ ብናኝ ይረግፋል። ለእኛ የማይታየው ብናኝ በዚያ ሥራ ላይ ሲወድቅ፣ በጤፍ ማሳ ላይ ቋጥኝ እንደ መውደቅ ነው።

ምን ያህል ትንሽ?

አንድ ሚሊ ሜትር በሚሊዮን ሲከፈል አንዱ ክፍል ናኖሜትር ይባላል። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ገደማ ነው። በቺፕ ላይ ግን በአሥር የሚቆጠር ናኖሜትር ብቻ ስፋት ያላቸው መሥመሮች ይቀረጻሉ።

ብርሃን እንደ ውኃ ማዕበል ነው፤ በማዕበሉ ርዝመት መጠን መሮው ይደንዛል ወይም ይሰላል። ስለዚህ መሐንዲሶች ከዓመት ወደ ዓመት ማዕበሉ አጠር ያለ ብርሃን ሲፈልጉ ኖረዋል። በ436 ናኖሜትር ሠሩ፤ ወደ 365 ወረዱ፤ ቀጥሎ ወደ 248፣ ከዚያም ወደ 193 ደረሱ። ዛሬ በአንዳንድ ፋብሪካዎች 13.5 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ይሠራበታል። ይህን ብርሃን ለማግኘት በሰከንድ 50,000 የቀለጠ የቆርቆሮ ማዕድን ጠብታዎች በብርቱ ሌዘር ይመታሉ። አየር ራሱ ይህን ብርሃን ስለሚውጠው ሥራው አየር በሌለበት ሣጥን ውስጥ ይካሄዳል። ማሽኑን የሚሠራው ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ነው።

እንደ እርሾ

ነገር ግን ብርሃኑ ሲለወጥ ልባሱም መለወጥ ነበረበት። ወደ 248 ናኖሜትር ሲወረድ አንድ ችግር ገጠመ። መብራቶቹ የሚሰጡት ብርሃን ጥቂት ነበረ፤ የቆየው ልባስ ደግሞ ብዙ ብርሃን ይፈልግ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የካሊፎርኒያ ምርምር ቤት ሂሮሺ ኢቶ፣ ግራንት ዊልሰንና ዣን ፍሬሼ የሚባሉ ሦስት ኬሚስቶች መላ አገኙ።

መላው ለእናቶች እንግዳ አይደለም። ትልቅ ቡሖ ለማቡካት ምን ያህል እርሾ ያስፈልጋል? ጥቂት ነው። እርሾው በሊጡ ሁሉ ይዛመታል። እነርሱም በልባሱ ውስጥ ብርሃን ሲነካው ጥቂት አሲድ የሚሰጥ ነገር ጨመሩ። ዌፈሩ ሲጋገር ያቺ ጥቂት አሲድ ከሰንሰለት ወደ ሰንሰለት እየሄደች ብዙ ቦታ ላይ ለውጥ ታመጣለች፤ እርሷ ግን አታልቅም። በዚህ ምክንያት ትንሽ ብርሃን ትልቅ ሥራ ሠራ። ዊልሰንና ፍሬሼ ለዚህ ሥራቸው በ2013 የጃፓን ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

እርሾ ግን በቀላሉ ይበላሻል፤ ይህም እንዲሁ ነው። በአየር ውስጥ ትንሽ የአሞኒያ ሽታ፣ ወይም አዲስ ከተቀባ ቀለም የሚወጣ ትነት ካለ አሲዷን ያጠፋታል፤ ሥዕሉም ይበላሻል። ስለዚህ የክፍሉ አየር ይጣራል፤ ወለሉ የሚጠረግበት መድኃኒት እንኳ ተመርጦ ይገባል። በእንዲህ ያለ ፋብሪካ «በዚህ እንጂ በዚያ አታጽዱ» ሲባል፣ ያለ ምክንያት ማስቸገር አይደለም። የጽዳት ሠራተኛውም የሥራው ክፍል ነው።

ቁም ጸሐፊውና ማተሚያ ቤቱ

በትንሽ ነገር ላይ መጻፍ በብርሃን ብቻ አይደለም የሚቻለው። በሐይፋ የሚገኘው ቴክኒዮን ታናኽን በሙሉ፣ ከ1.2 ሚሊዮን የሚበልጡ ፊደላት ያሉትን፣ ከስኳር ቅንጣት በማይበልጥ የሲሊከን ቁራጭ ላይ ጽፎታል። በ2009 ከዚህ አንዱ ለሮማው ጳጳስ ለቤኔዲክቶስ 16ኛ ተሰጥቷል፤ በ2015 ደግሞ አንዱ በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል። ያ የተጻፈው በብርሃን ሳይሆን ጋሊየም የተባለ ማዕድን ቅንጣቶችን እንደ ብዕር አሹሎ በሚልክ መሣሪያ ነው። ብዕሩ በሲሊከኑ ላይ የተቀባውን ስስ ወርቅ ነጥብ በነጥብ እየቦረቦረ ይጽፋል።

ልዩነቱን ኦሪትን በብራና ላይ ሲጽፉ ያየ ሰው በቶሎ ይረዳዋል። ያ መሣሪያ እንደ ቁም ጸሐፊ ነው፤ ፊደል በፊደል ይጽፋል፤ ሥራው ድንቅ ነው፤ ግን አንድ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ነው። ፎቶሬዚስት ግን ማተሚያ ቤት ነው፤ ገጹ በሙሉ በአንድ የብርሃን ብልጭታ ይታተማል፤ ደግሞም ይደገማል። ቺፕ ረክሶ በእያንዳንዳችን ኪስ የገባው ስለዚህ ነው።

ብርሃኑ ራሱ ብዕር የሚሆንበት መንገድም አለ። በ2001 የጃፓን የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በሌዘር ብርሃን ከፖሊመር አንድ በሬ ሠሩ። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ብቻ ነው፤ ከደማችን ቀይ ሕዋስ ጋር ይመጣጠናል። ፈሳሹ ፖሊመር የሚደነድነው ሌዘሩ በጠበበበት ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቡን እያንቀሳቀሱ ቀንዱን፣ ጀርባውን፣ እግሩን አወጡለት። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ጥቃቅን ሌንሶችና ለሕክምና ምርምር የሚሆኑ ጥቃቅን ቅርጾች ተሠርተዋል።

በእስራኤል

ይህ ሥራ በእስራኤል የቆየ ነው። በ1974 ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሐይፋ የንድፍ ቢሮ ከፈተ። ይህን ሥራ የመሩት ዶቭ ፍሮማን ናቸው። እርሳቸውም ዖሌ ናቸው። በ1939 በአምስተርዳም ተወልደው፣ በጦርነቱ ጊዜ በሆላንድ ገበሬዎች ቤት ተደብቀው ተረፉ፤ ወላጆቻቸው ግን አልተረፉም። በ1949 በልጅነታቸው ወደ እስራኤል መጡ። በኋላም በአሜሪካ የተጻፈበት በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን የሚጠፋና እንደ ገና የሚጻፍበት ቺፕ ፈጠሩ፤ በ1971ም ለዓለም ታወቀ።

በ1985 የኢየሩሳሌሙ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1993 በሚግዳል ሃዔሜቅ ታወር የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቂሪያት ጋት በ1999 አንድ የኢንቴል ፋብሪካ ተመረቀ፤ በ2008 ደግሞ ሌላ ትልቅ ፋብሪካ ተጨመረ። እንግዲህ ይህ ሥራ ከቤታችን በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው። ቅጥሩ ቅርብ ነው፤ ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚያስገባው ግን ትምህርት ነው።

በዚህ ሥራ ላሉ ወገኖቻችን

በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ለምትሠሩ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ልባሱን የሚያሟሙትና የሚያጥቡት ፈሳሾች ውኃ መስለው ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ብርቱ መርዝ ናቸው። በተለይ ብዙ ጊዜ ለማጠቢያነት የሚያገለግለው ፈሳሽ በቆዳ በኩል ገብቶ ሰውን ሊጎዳ፣ ብርቱ ሆኖ ሲገኝም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የፈሰሰ ነገር ስታዩ ራሳችሁ አትጥረጉት፤ ኃላፊውን ጥሩ። የነካው ሰው ሳይዘገይ የነካውን ልብስ አውልቆ በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ሐኪምም ይይ።

በእስራኤል ደንብ መሠረት አሠሪ ስለ ሥራው አደጋ የማስተማርና ሠራተኛው መረዳቱን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። ዕብራይስጡ ካልገባችሁ «አልገባኝም» በሉ፤ ነውር የለበትም። ያልተረዳችሁትን ወረቀት ተረዳሁ ብላችሁ አትፈርሙ።

ለወላጆች

አሁን ወደዚያች እናት ሁለተኛ ጥያቄ እንመለስ። ኬሚስትሪ የተማረ ልጅ ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ መሆን ይችላል። ነገር ግን ልባሱን የሚቀምመው፣ ሙቀቱን የሚወስነው፣ ሥዕሉ ለምን እንደ ተበላሸ መርምሮ የሚያገኘውም እርሱ ነው። ይኸው እውቀት በቀለም፣ በፕላስቲክ፣ በውኃ ማጣሪያ፣ በምግብና በጥርስ ሕክምና እቃዎች ሥራ ሁሉ ይፈለጋል። ፋብሪካ ሠራተኛ የሚጨምርበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ የሚቀንስበትም ጊዜ አለ። አንድ ማሽን ብቻ መጫን የለመደ ሰው ማሽኑ ሲዘጋ ይቸገራል፤ ምክንያቱን የተማረ ግን ወደ ሌላ ቤት ይዞት ይሄዳል።

ከመፈረማችሁ በፊት በትምህርት ቤቱ እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ የልጁ ሒሳብ በስንት የሒዶት ነው? ለእንዲህ ያለ ትምህርት 4 ወይም 5 የሒዶት ሒሳብ በሩን ይከፍታል፤ 3 የሒዶት ግን ብዙ በር ይዘጋል። ልጃችሁ ወደ ዝቅተኛው ሲመደብ ምክንያቱን ጠይቁ። ችግሩ የሒሳብ ነው ወይስ የዕብራይስጥ? ዕብራይስጥ ከሆነ መድኃኒቱ የቋንቋ እርዳታ እንጂ ሒሳቡን መቀነስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ኬሚስትሪው ወይም ፊዚክሱ እስከ 5 የሒዶት ይሰጣል? ቤተ ሙከራስ አለው?

ሦስተኛ፣ ለአዲስ መጤ ተማሪዎች በባግሩት ላይ ምን እርዳታ አለ?

ቋንቋው ካስቸገራችሁ የትምህርት ቤቱን መጋሼር ጠይቁ። ከሠራዊት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም መንገዱ፤ ሃንዳሳኢ የሚያሰኝ የሁለት ዓመት ያህል ትምህርትም አለ። ለዖሊም ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ እርዳታ የሚሰጠው ሚንሃል ሃስቱደንቲም ነው፤ መብታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁሉም ልጅ ኬሚስት ይሁን አንልም። ልጁ የማይወደውን ቢጭኑበት አይዘልቅም። የምንለው ልጁ ወድዶ ሲመርጥ፣ እኛ ስላላወቅነው ብቻ አንከልክለው ነው።

ባለፈው ሳምንት እኒያን እናት በአውቶቡስ ጣቢያ አገኘኋቸውና ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለሚዞረው ምጣድ ሲሰሙ ሳቁ። «ፈርሜለታለሁ» አሉኝ። «አንተ ሳትመልስልኝ ልጄ ራሱ ነገረኝ። ግን አንድ ነገር አስገባሁት። በየሳምንቱ የተማርከውን በአማርኛ ትነግረኛለህ አልኩት። በአማርኛ ማስረዳት ካቃተህ ገና አልገባህም ማለት ነው አልኩት። አሁን ዓርብ ዓርብ ቡና ሳፈላ አጠገቤ ይቀመጥና ቃሉን ሲፈልግ ያልበዋል።»

እኛም ለልጁ ብርታትን፣ ለእናቲቱ ጤናን እንመኛለን። ቸር ይግጠመን።